ወተት ሳንባ አያጥብም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ገላን አካባቢ ትንሽ የብየዳ ቤት አለኝ። አጎቴ ዝዋይ ላይ ዓሣ የሚያጠምድበትን የፋይበርግላስ ጀልባ በአይሱዙ ጭኖ አመጣልኝ። ወለሉ በስብሶ ሲረግጡት ይሰረጉዳል። ባለፈው እሑድ አፌን በሻሽ አስሬ ግማሹን በግራይንደር ፈጨሁት። ሌሊቱን ክንዴና አንገቴ ሲለበልበኝ አደረ፤ ጉሮሮዬም ይከረክረኛል። ጎረቤቴ «ወተት ጠጣበት» ይለኛል። ግማሹ ገና ይቀረኛል፤ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ወተቱን ከወደድከው ጠጣ። ግን ወተት ወደ ጨጓራ፣ አቧራ ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው፤ መንገድ ላይ አይገናኙም። እኔም ቃሊቲ ስሠራ በየቀኑ ግማሽ ሊትር እየጠጣሁ ስንት ዓመት ራሴን ሸንግያለሁ።

የለበለበህ መስታወት ነው። ፋይበርግላስ ማለት እንደ ክር የተሳበ መስታወት በሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ፣ ተጣብቆ የደረቀ ነው። ስትፈጨው ክሩ ይሰባበርና ቆዳህ ላይ ይሰካል። አትከክ፤ ባከክህ ቁጥር ይጠልቃል። ሳትፈትግ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታጠብ፤ የቀረውን በፕላስተር ለጥፈህ አንሳው። ካንሰር ያመጣል ወይ ብለህ እንዳትጨነቅ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2002 እንዲህ ያለውን ረጅም የመስታወት ክር ካንሰር አምጪ ብሎ ለመፈረጅ ማስረጃው እንደማይበቃ ገልጿል። ክሩ ወፍራም ስለሆነ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ አብሮት የሚፈጨው የሬዚን ዱቄት ነው፤ እሱ ደቃቅ ነውና ወደ ታች ይወርዳል። ሳሉ ካልለቀቀህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

አሁን ስለቀረው ግማሽ። ወለል አይፈጭም፣ ይቆረጣል! ክብ መጋዝህን በወለሉ ውፍረት ልክ ብቻ ዝቅ አድርገህ በትልልቁ ክፈለው፤ ሥሩ አግዳሚ እንጨት፣ ምናልባትም የነዳጅ ታንክ አለ። የበሰበሰው ኮምፔንሳቶ በመሮና በእጅ ይወጣል። ግራይንደር የሚያስፈልግህ አዲሱ ወለል የሚጣበቅበትን ጠርዝ ለማሻከር ብቻ ነው። ማለስለሻውን በእጅህ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እየነከርክ ሥራ። በኮረንቲ የሚሠራ ዕቃ ግን ውሃ አይንካው። ደጅ ሥራ፤ ነፋሱም ከጎንህ ይምጣ። ከኋላህ ከመጣ አቧራው ደረትህ ፊት እየተሽከረከረ ይጠብቅሃል። ሲያልቅ በኮምፕረሰር አትንፋው፤ አርጥበህ ጥረግና ማዳበሪያ ውስጥ ቋጥረው።

ሻሽ ለጸጉር ነው። ከኮሮና የተረፈው ሰማያዊ ማስክም በጎኑ ያስገባል። ቢያንስ ኤን 95 የሚባለውን የአቧራ ማስክ፣ ከተገኘ ደቃቁን አቧራ ይበልጥ የሚይዝ ፒ 100 ማጣሪያ ያለው የጎማ ማስክ አድርግ። ጺም ካለህ ተላጭ፤ ጎማው ጺም ላይ አይገጥምም። ዙሪያው የተዘጋ መነጽር፣ እጅጌው ረጅም ቱታ፣ አንጓው ላይ በፕላስተር የታሸገ ጓንት ጨምርበት።

ቱታውን እዚያው አውልቅ። አንድ ጊዜ የእኔን ቱታ ባለቤቴ ከልጃችን ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አጠበችው። ሕፃኑ ሲያለቅስ አደረ፤ እኛ ምች መታው ብለን ዳማከሴ ስናሽ ነጋ። ለብቻው ይታጠብ፤ ሳፋውም በደንብ ይለቅለቅ።

ሬዚን የምትቀባበት ቀን ደግሞ ሌላ ነው። የፖሊስተር ሬዚን ሽታ ስታይሪን የሚባል ተን ነው፤ የአቧራ ማጣሪያ አያስቆመውም። ለኬሚካል ተን የተሠራውን፣ ጥቁር ምልክት ያለበትን ማጣሪያ ግጠም። ሽታው ከተሰማህ ወይ ማጣሪያው አልቋል፣ ወይ ማስኩ አልገጠመም። ሬዚኑን የሚያደርቀው ሃርድነር ለአንድ ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ይበቃል፤ ጠዋት ይቀዘቅዛል ብለህ አታብዛው፣ ፀሐይ ሞቅ እስኪል ጠብቅ። በጣሳ የተረፈው ሬዚን ሲደርቅ ይግላል፣ ሊጨስም ይችላል፤ ቆሻሻ ውስጥ ሳይሆን ገላጣ መሬት ላይ ተወው። የሃርድነሩ ጠብታ ዓይን ያጠፋል፦ ከነካህ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ታጥበህ በቀጥታ ሐኪም ቤት። መድረቁን የሚያፋጥነውን ኮባልት ለብቻው ሸጠውልህ ከሆነ ከሃርድነሩ ጋር በቀጥታ እንዳታገናኘው፣ ይፈነዳል፤ መጀመሪያ አንዱን ከሬዚኑ ጋር በደንብ አዋህድ።

ደግሞ የብየዳ ቤት ነው ያልከኝ! ስታይሪኑም እጅ የምታጸዳበት አሴቶንም ብልጭታ ይጠብቃሉ። ያን ቀን ብየዳው ይዘጋ፤ ደንበኛ ቢመጣም ነገ በለው።