ሲኒየሮቹ ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከብዙ ማመንታት በኋላ፣ ትዕግሥቴም ሲያልቅ ነው። በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስጄ፣ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት (ሪሚዲያል) ሳያስፈልገኝ በቀጥታ በደቡብ ወደሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የተመደብሁ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ያደግሁት በሰሜን ሸዋ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለች አነስተኛ ከተማ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ያለፍነው አራት ልጆች ብቻ ነበርን። ስነሳ ጎረቤቱ ሁሉ መርቆ ነው የሸኘኝ።

በጥቅምት መጨረሻ መናኸሪያ ስንደርስ ነባር ተማሪዎች «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ባነር ዘርግተው ተቀበሉን፤ ሻንጣችንንም ተሸከሙልን። ከእነርሱ አንዱ የአገሬ ልጅ የሆነ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ፍራሽ የሚወጣበትን፣ የምግብ ካርድ የሚሰጥበትን፣ ውኃ የሚመጣበትን ሰዓት ሁሉ ያሳየኝ እርሱ ነው። በዚያው ምሽት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በግቢው እንዴት እንደሚኖር አስተማረኝ። የመጀመሪያው ሴሚስተር መላመጃ ስለሆነ ማንም ራሱን እንደማያስጨንቅበት፣ መምህራን ስላይድ ከማንበብ በቀር የሚጨምሩት ስለሌለ ክፍል መግባት ጊዜ ማባከን እንደሆነ፣ ካለፉት ዓመታት የተሰበሰቡትን የፈተና ሺቶች የሠራ ግን ከቸካዮቹ በልጦ እንደሚያልፍ ነገረኝ። ሌላ ሲኒየር በበኩሉ ከፊት ወንበር እንዳልጠፋ አሳሰበኝ። ሌላው ወደ ቤት ቶሎ ቶሎ መደወል ልብ ያባባል ብሎ በወር አንድ ጊዜ ብቻ እንድደውል መከረኝ። አንድ ተመራቂ (ጂሲ) ተማሪ ደግሞ የካፌው ምግብ ሆድ እንጂ ጭንቅላት አይሞላም በማለት በግቢው ካፌ መመገቡን ትቼ ነን ካፌ እንድሆን ወተወተኝ። አንዱ ያዘዘውን ሌላው ይሽራል። ግራ ቢገባኝ የአገሬን ልጅ ሰማሁ።

ውጤቱን ላሳጥርልዎ። ጄኔራል ፊዚክስን ያስተማረን መምህር አዲስ ስለነበር ከሺቱ አንዲት ጥያቄ እንኳ አላወጣም። በፊዚክስ ዲ አግኝቼ ሴሚስተሩን በ2.31 ጨረስሁ። የአገሬን ልጅ ባናግረው ሳቀና «ፍሬሽ ሆኖ ያልተንሸራተተ ማን አለ?» አለኝ። ሕክምና መግባት እንደምፈልግ ግን ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ያውቅ ነበር።

እኔ ሰነፍ ልጅ አይደለሁም። እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ድረስ ከአንድም ክፍል አልቀረሁም። አንድ ቀን በፊዚክስ ክፍል ጥያቄ ስጠይቅ በእንግሊዝኛዬ ትንሽ ተሳቀና ከኋላ መቀመጥ ጀመርሁ፤ ይህ እንኳ ከጉዳዩ ጋር የሚያያዝ አይደለም። ዋናው ነገር፣ ታላቄ ነው ብዬ ያመንሁት ሰው አሳስቶኛል። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው የወላይታ ልጅ ሲኒየር ሳያማክር በየማታው ወደ ማጥኛ ክፍሉ (ስፔስ) እየሄደ ያጠናል፤ አብረን እንሂድ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ሳልሄድ ቀርቻለሁ። እርሱ 3.6 አመጣ። የእኔ ጥፋት የታላቆቼን ምክር መስማቴ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሲኒየሮችን በአምድዎ እንዲወቅሱልኝም እለምንዎታለሁ።

እናቴ ዳቦ ጋግራ እየሸጠች በየወሩ የምትችለውን በቴሌብር ትልክልኛለች። ስትደውልልኝ ደኅና ነኝ እላታለሁ እንጂ ውጤቴን አልነገርኋትም። የሁለተኛው ሴሚስተር ሚድ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የዊዝድሮዋል ፎርም ከሬጅስትራር አምጥቼ ከፍራሼ ሥር አስቀምጫለሁ። ሞልቼው ወደ ቤት ልመለስና በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ልጀምር ወይስ እዚሁ ልቆይ?

የታከተው ፍሬሽ

መልስ

ልጄ፣ ያን ዕለት በፊዚክስ ክፍል የጠየቅኸው ጥያቄ ምን ነበር?

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ባነሩ ላይ የተጻፈውን ነግረኸኛል፤ የአገርህ ልጅ አልጋህ ላይ የት እንደተቀመጠም አውቄአለሁ፤ አራት ሲኒየሮች የተናገሩትን ከነአነጋገራቸው ጽፈህልኛል። አንተ ራስህ ከመቀመጫህ ተነሥተህ የተናገርኸው ነገር ብቻ በደብዳቤህ ውስጥ የለም። የተሳቀብህንም «ትንሽ» ብለህ አሳንሰህ፣ ከጉዳዩ ጋር አይያያዝም ብለህ ዘጋኸው። እኔ ግን ጉዳዩ ይኸው ነው እላለሁ፤ ማስረጃዬም የራስህ የቀን አቆጣጠር ነው። ክፍል አትግባ የሚለው ምክር የተሰጠህ በጥቅምት መጨረሻ፣ በገባህበት ምሽት ነበር። አንተ ግን በራስህ ቃል እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ድረስ ከክፍል አልቀረህም። ስለዚህ ምክሩ ከወር በላይ ጆሮህ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት ነው። የተሳቀብህ ዕለት ግን ወርቅ ሆነ። ከአራቱ ሲኒየሮች አንዱ ከፊት ወንበር አትጥፋ ብሎህ ነበር እኮ፤ የእርሱን ጥለህ የዚያኛውን ያነሣኸው፣ ዳግመኛ ሳይሳቅብህ የምትኖርበትን መንገድ የሚፈቅድልህ የዚያኛው ምክር ስለነበር ነው። አልፈርድብህም። ነገር ግን አሳሳቱኝ ስትል እሽ አልልህም።

ለመሆኑ የተሳቀው በምን ላይ ነው? በአገራችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ መምህሩ ግን በብዙ ቦታ ትምህርቱን የሚያስረዳው ልጆቹ በሚሰሙት ቋንቋ ነው። የ12ኛ ክፍሉ ፈተና ደግሞ ከተሰጡት መልሶች ትክክለኛውን ፊደል ምረጥ የሚል እንጂ ተነሥተህ ተናገር የሚል አይደለም። አንተ በተፈተንህበት ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 8.4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚያ አንዱ ነህ፤ ያም ሆኖ በእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ ጥያቄ በቃልህ ጠይቀህ ሳታውቅ ዩኒቨርሲቲ መግባትህ የሚያስገርም አይሆንም። ከኋላህ ተቀምጠው የሳቁትም አብዛኞቹ በዚሁ መንገድ ነው የመጡት። የዚያን ቀን ያልተሳቀባቸው አፋቸውን ስላልከፈቱ ነው።

ስለ አገርህ ልጅ ያለኝን ደግሞ ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ልንገርህ፤ ስለ ሲኒየር ምክር ሲነሣ ዳኛ ልሆን አልችልምና። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ከገጠር የመጣች አንዲት ፍሬሽ በእኛ ዶርም ተመደበች። ሌሊት በኮሪደሩ መብራት ሥር ተቀምጣ ስታነብ አይቼ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር እንዲህ የሚያስጨንቅ አይደለም፣ ገብተሽ ተኚ አልኋት። እንደ ትልቅ ሰው አመነችኝ። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ዓመት የተሻገርሁት ግን ታላቅ ወንድሜ በየሳምንቱ እሑድ ቁጭ አድርጎ ሒሳብ ስላስጠናኝ ነው፤ ይህን አልነገርኋትም። ደብቄ አይደለም፤ ትዝም አላለኝ። ወድቄ ያልተሰበርሁት በጉብዝናዬ ይመስለኝ ነበር። በየካቲት ስሟ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከሚባረሩት ጋር ወጣ። ብርድ ልብሷን በሲባጎ አስራ ስትወጣ የሻንጣዋን አንድ እጀታ ይዤ እስከ በሩ ሸኘኋት። ጥበቃው የክሊራንሱን ወረቀት ተቀብሎ ፍራሽ መመለሷን፣ ቁልፍ ማስረከቧን በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ፣ እርሷ ወደ እኔ ዞራ «ስለ መከርሽኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። አሽሙር አልነበረም። ከልቧ ነበር ያመሰገነችኝ። ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ምርቃቷ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ስለዚህ ያንን ልጅ ውቀሽልኝ ስትለኝ ሙሉ ልብ የለኝም። እርሱም እንደ እኔ ያለፈበትን ቀዳዳ አሳየህ እንጂ ምን ደግፎት እንዳለፈ አልነገረህም፤ አንተም የእርሱ ፊዚክስ ስንት እንደነበር አልጠየቅኸውም። ውኃ የሚመጣበትን ሰዓት፣ ጸጥ ያለውን ላይብረሪ፣ የትኛው ፎርም በየትኛው ቢሮ እንደሚፈረም ሲኒየርን ጠይቅ፤ ይህንን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ክፍል ልግባ ወይስ አልግባ የሚለው ግን ለሲኒየር የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም። የነን ካፌውን ነገር እንተወው፤ የሆድህን አንተ ታውቃለህ።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ከበላይህ የሚተኛው ልጅ ነው። እርሱ ፍሬሽ ነው፤ አማርኛውም እንግሊዝኛውም በትምህርት ያገኛቸው ቋንቋዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ከአንተ የበለጠ የሚሳቅበት ምክንያት ነበረው ማለት ነው። ምክር አልሰጠህም። አብረን እንሂድ አለህ። በግቢው ከሰማኸው ሁሉ ትከሻህን ነክቶ ከአልጋህ ሊያስነሣህ የሞከረ ቃል ይህ ብቻ ነበር፤ አንተ ደግሞ ሁለት ጊዜ እምቢ አልኸው፤ በደብዳቤህም ያነሣኸው በስሌት ልትወዳደረው ነው። ዛሬ ማታ እርሱ ሳይጠይቅህ አንተ ጠይቀው።

አሁን ወደ ፎርሙ ልምጣ። አትሙላው። ዊዝድሮው ብታደርግ የሚሰረዝልህ ይህ የተጀመረው ሴሚስተር ብቻ ነው፤ 2.31 ፋይልህ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅሃል፤ ስለዚህ «እንደ አዲስ» የምትለው ነገር የለም። ሁለተኛው ሴሚስተር ተመልሶ የሚከፈተው በመጪው ዓመት ስለሚሆን እስከዚያ ቤት ትቀመጣለህ፣ ከዚያም የዳግም ቅበላ ማመልከቻ ትጽፋለህ፣ ከዚያም ያው አዳራሽ ትገባለህ፤ የዚያን ጊዜም እንግሊዝኛህ ከዛሬው የባሰ እንጂ የተሻለ አይሆንም። ብትቆይ ግን፣ የሁለቱ ሴሚስተሮች ክሬዲት ተቀራራቢ ከሆነና ይህንን በ3.30 ብትጨርስ፣ ጠቅላላ ውጤትህ 2.80 ይደርሳል። ለሕክምና ሊያንስ ይችላል፤ ብዙ ተማሪ የሚሻማበት ክፍል ስለሆነ ይህንን ሸፍኜ አላሳልፍልህም፤ ወደ ሌሎች የጤና ትምህርቶች ግን በሩ ክፍት ሊሆን ይችላል። ሺት መሸምደዱን ደግሞ ከአሁኑ ተወው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶ ሳያመጣ ዲግሪ አይቀበልም፤ ያ ፈተና ደግሞ የዓመታት ትምህርትህን በአንድ ላይ የሚጠይቅ ነው። እንቅልፍ ከነሣህ ወይም ከአልጋ መነሣት ካቃተህ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የዚያን ጊዜ ፎርሙን ሳይሆን የግቢውን ክሊኒክ ቅደም።

ከፊት ወንበር ተቀመጥ አልልህም፤ ሦስተኛው ረድፍ ይበቃሃል። ያልገባህን አንድ ነገር መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ በወረቀት ጻፍና፣ መምህሩ ቢሮ በር ላይ በተለጠፈው የምክክር ሰዓት ይዘህለት ሂድ። እዚያ የሚስቅ የለም። አንብብለት፤ መሐል ላይ ብትደናቀፍ ወረቀቱን ስጠው። የግቢ መምህር ብዙውን ጊዜ ቢሮው ባዶ ነው፤ ተማሪ የሚመጣው ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ለልመና ስለሆነ፣ ከፈተና በፊት ጥያቄ ይዞ የመጣ ተማሪ ሲያይ ወንበር ይስባል።

ለእናትህም በዚህ ሳምንት ደውል። በወር አንዴ የሚለውን ምክር ከሌሎቹ ጋር ጣለው። ቁጥሩን ከመናገርህ በፊት ከብዶኛል በላት፤ ዳቦ ጋግራ የምታድር ሴት ሊጡ እምቢ ያላት ቀን ስንት እንደሆነ አንተ አልቆጠርህም፤ በማግስቱ ግን ምጣዷን ስታሰማ ተኝተህ ሰምተሃል። ልጅዋ መውደቁን ከሌላ ሰው ብትሰማ ነው የምትጎዳው።

ከሚዱ በኋላ ጻፍልኝ። ስለ ሲኒየሮቹ የምትጨምረው ካለ አሳጥረው። ፊዚክስ ከረሳሁ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ቢሆንም በታኅሣሥ ተነሥተህ የጠየቅኸውን ጥያቄ በጀመርህበት ቃል ጀምረህ፣ ሳቁ ያቋረጠህ ቦታ ላይ ሳትቆም፣ እስከ መጨረሻው ጻፍልኝ።