«በሚያሳዝን ሁኔታ» እና የዓረፍተ ነገር ራስ

ጥያቄ፦ «በሚያሳዝን ሁኔታ ስብሰባው ተሰረዘ» ብዬ ብጽፍ አርታኢዬ «ይህ የእንግሊዝኛው ‹ሳድሊ› ቅጂ ነው» ብሎ አወጣብኝ። ልክ ነውን?

መልስ፦ አርታኢዎ ደግ አደረገ። ሐረጉ ግን በራሱ ነውር የለበትም። «በሚያሳዝን ሁኔታ ሞተ» ሲባል የሚያሳዝነው አሟሟቱ ነው፤ ተውሳከ ግሱ ግሱን ይገልጻል። እርስዎ የነገሩን የስብሰባውን አሰራረዝ አይደለም፤ የራስዎን ስሜት ነው።

«ሳድሊ» ከተነሣ አይቀር ሥሩ ይታይ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳድ» የጠገበ ማለት ነበር። ጀርመኖች ዛሬም የጠገበውን «ዛት» ይሉታል፤ በቂ ማለት የሆነው የላቲኑ «ሳቲስ»ም ዘመዱ ነው። ቃሉ ከጥጋብ ወደ ክብደት፣ ከክብደት ወደ ጭምትነት፣ ከዚያም ወደ ሐዘን ተሻገረ። በአንዳንድ የእንግሊዝ አካባቢዎች ኩፍ ሳይል የቀረ ዳቦ «ሳድ» መባሉ የዚያ ክብደት ትራፊ ነው። በእኛ ዘንድ ጥጋብ ወደ ትዕቢት እንጂ ወደ እንባ አይወስድም።

የእኛው ቃል መንገድ ሌላ ነው። የግእዙ ሐዘነ ከዐረብኛው «ሑዝን» ጋር አንድ ሥር አለው፤ በብዙኃኑ ኀ የሚጽፉት ቢበዙም በሐመሩ ሐ መጻፍ አለበት የምለው ለዚህ ነው። በአማርኛ ግሱ ሐውን ጥሎ አዘነ ሲሆን ስሙ ሐዘን ብሎ ይዞት ቀረ፤ አሰበና ሐሳብ፣ አለመና ሕልምም እንዲሁ ናቸው።

«ቋንቋ ያድጋል፤ ሐረጉ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ቢገልጽ ምን አለበት?» የሚሉ አሉ። ዕድገት የሚባለው የጎደለ ሲሞላ ነው። አማርኛ ፍርዱን የሚያኖረው ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ነው፤ «መሰረዙ ያሳዝናል» ይላል። ስሜቱን ማስቀደም የፈለገም «የሚያሳዝነው» ወይም «ምን ያደርጋል» የሚል አለው። ፍርዱን ከማሰሪያው ነቅሎ «ሁኔታ» በሚባል ጭነት ራስጌ መስቀል ዓረፍተ ነገሩን ማጉበጥ ነው። «በሚያሳዝን ሁኔታ ተናገረ» ቢሉኝ፣ ንግግሩ በሐዘን የተሞላ ነበር ወይስ ባይናገር ይሻል ነበር? አሻሚነቱ ይህ ነው።

እርግጥ ዜናውም ጋዜጣውም ለምዶታል፤ ሰሚው አብዛኛውን ጊዜ ከዐውዱ ይረዳዋል። ስለዚህ ስሕተት ነው ብዬ ልፈርድበት አልችልም፤ ጆሮዬ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። እርስዎ «የስብሰባው መሰረዝ ያሳዝናል» ብለው ይጻፉ፤ ከአራት ቃል አንድ ይቀንሳል፣ የሚያሳዝነው ምን እንደ ሆነም አያጠራጥርም።