በደጋ ለሚሠራ የናፍጣ ሞተር ቱርቦ ወይስ ሱፐርቻርጀር?

ጤና ይስጥልኝ። ወንድማችን ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ 1ኤችዜድ የሚባለው የቶዮታ የናፍጣ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር አለዎት፤ የዓባይን በረሃ ወርደው ወደ ደጀን ሲወጡ መኪናው ጉልበት አጥቶ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ዱባይ የሚኖሩት ወንድምዎ ሱፐርቻርጀር እንልካለን ብለዋል፤ መካኒክዎ ደግሞ ቱርቦ ይሻላል ይላል። መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ለእርስዎ ሞተርና ለእርስዎ መንገድ የሚስማማው ቱርቦ ነው፤ እሱም ዝቅተኛ ግፊት እንዲሰጥ ተደርጎ የተስተካከለ ቱርቦ። ዱባይ ያሉት ወንድምዎም ያለ ምክንያት አልተናገሩም፤ በባሕር ዳርቻ አገር፣ በቤንዚን በሚሠሩ ትልልቅ ሞተሮች ላይ ያዩትን ነው የነገሩዎት። ረጅም ዘመን የሠራሁት በናፍጣ ፓምፕና በሞተር እድሳት ስለሆነ ምክንያቱን በዝርዝር ባስረዳ ሌሎች የቡድናችን አባላትም ይጠቀሙበታል ብዬ አስባለሁ።

ሁለቱም መሣሪያዎች ለአንድ ዓላማ የተሠሩ ናቸው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው ባገኘው አየር ልክ ስለሆነ፣ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባውን አየር አፍኖ ማብዛት ጉልበትን ያበዛል። ልዩነቱ አየሩን የሚያፍነው ኃይል ከየት ይመጣል በሚለው ላይ ነው። ሱፐርቻርጀር የሚዞረው በቺንጊያ ከሞተሩ ከራሱ ጉልበት እየወሰደ ሲሆን፣ ቱርቦ ግን በማርሚታ በኩል ወጥቶ ሊባክን የነበረውን ትኩስ ጭስ ተርባይን ላይ አሳርፎ ይጠቀምበታል። የነዳጁ ኃይል ሲሶ ያህሉ ከጭስ ጋር የሚወጣ በመሆኑ የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በ1905 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ይህንኑ ኃይል ለመያዝ ነበር። ቱርቦ ፈጽሞ በነጻ ይሠራል ማለት ግን አይደለም፤ ተርባይኑ የጭሱን መውጫ ስለሚያጠብብ ፒስተኑ ጭሱን ሲገፋ ጥቂት ጉልበት ይከፍላል። ሱፐርቻርጀር ከሚወስደው ጋር ሲነጻጸር ግን ወጪው ትንሽ ነው። 707 የፈረስ ጉልበት ያለው የዶጅ ሄልካት ሞተር ሱፐርቻርጀሩን ለማዞር ብቻ 80 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያወጣል።

ለእኛ ዋናው ጉዳይ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ገደማ ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፤ በባሕር ጠለል ካለው ሩቡ ያህል ጎድሏል ማለት ነው። የእርስዎ 1ኤችዜድ አየር ሳቢ ሞተር፣ ማለትም አየር የሚያፍንለት መሣሪያ የሌለው ስለሆነ ሲገዙት በወረቀት ላይ ካነበቡት 130 ገደማ የፈረስ ጉልበት ሩብ የሚጠጋውን እዚህ አያገኙትም። ጥቁሩ ጭስም የዚሁ ውጤት ነው፤ ፓምፑ ለባሕር ጠለል የተለካ ናፍጣ ሲያወርድ አየሩ ስለማይበቃው ያልተቃጠለው ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ከፍታ ሲጨምር ናፍጣውን የሚቀንስ ማካካሻ የተገጠመላቸው ፓምፖች አሉ፤ እነሱ ጭሱን ይቀንሳሉ እንጂ የጎደለውን ጉልበት አይመልሱም።

እንግዲህ ሁለቱን መሣሪያዎች ወደዚህ ከፍታ እናምጣቸው። ሱፐርቻርጀር በቺንጊያና በፑሊ ልክ የታሰረ ስለሆነ ያገኘውን ግፊት በተወሰነ መጠን ማባዛት ብቻ ነው የሚችለው። በባሕር ጠለል አንዱን ባር ወደ 1.5 የሚያደርስ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ 0.76ቱን በ1.5 አባዝቶ 1.14 ባር ይሰጣል። ስለዚህ ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ሞተር እዚህ ሲመጣ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከቆመ ምንም ካልተገጠመለት ሞተር የሚበልጠው በጥቂቱ ነው፤ በዚያ ላይ ቺንጊያው የሚበላው ጉልበት አለ። ቱርቦን በአንጻሩ ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር የሚያስረው ነገር የለም። ውጭ ያለው አየር ሲሳሳ ጭሱ ከተርባይኑ ወጥቶ የሚገባበት ግፊትም አብሮ ስለሚቀንስ ተርባይኑ የበለጠ ለመፍጠን ዕድል ያገኛል፤ ግፊቱን የሚቆጣጠረው የኮምፒውተር ሥርዓት ካለው እስከ አቅሙ ጫፍ ድረስ ያንኑ 1.5 ባር ጠብቆ ሊያቆይ ይችላል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1918 የጄኔራል ኤሌክትሪኩ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ የአውሮፕላን ሊበርቲ ሞተር በመኪና ጭኖ ኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት፣ ወደ 4300 ሜትር ከፍታ ወስዶ ነበር። በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ቱርቦ ስሙን ያገኘው በፍጥነት ውድድር ሳይሆን በስስ አየር ላይ መሆኑን የእኛ አገር ባለመኪና ቢያስታውሰው ይጠቅመዋል።

ዋጋው ግን አለ። ከ0.76 ባር ተነሥቶ 1.5 ለመድረስ ቱርቦው አየሩን እጥፍ ያህል ማፈን አለበት፤ ይህም ቆላ ካለው ይልቅ በጣም ፈጥኖ እንዲዞርና አየሩን ወደ 90 ዲግሪ በሚጠጋ መጠን እንዲያሞቅ ያስገድደዋል። ደጋ ላይ የሚሠራ ቱርቦ ቆላ ካለው መንታው በላይ ይደክማል። ስለ ዘይት በኋላ የማነሣው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

ሱፐርቻርጀር ለናፍጣ ሞተር የማይመረጠው በከፍታ ምክንያት ብቻ አይደለም። የቤንዚን ሞተር በቀስታ ሲነዳ ሱፐርቻርጀሩ ያፈነውን አየር በማለፊያ ቫልቭ መልሶ በማዞር የሚወስደውን ጉልበት ይቀንሳል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን የሚገድብ ክዳን በአብዛኛው ስለሌለው ሱፐርቻርጀሩ ሳያቋርጥ ይሠራል። ከዚህም በላይ የናፍጣ ጭስ ከቤንዚን ጭስ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ቱርቦው እጅግ ውድ ብረት ሳይጠይቅ ዕድሜ ያገኛል። አንዳንድ ሰው እንደ ሱፐርቻርጀር ያለ ነፊ የነበራቸውን የድሮዎቹን ዲትሮይት ዲዝል ሞተሮች ጠቅሶ ሊከራከረኝ እንደሚችል አውቃለሁ። እነዚያ ሁለት ምት ሞተሮች ስለነበሩ ጭሱን ከሲሊንደር ገፍቶ የሚያስወጣ ነፊ ከሌላቸው ጨርሶ አይነሡም ነበር፤ ጉልበት ሲፈለግባቸውማ በነፊው ላይ ቱርቦ ይጨመርላቸው ነበር።

ሱፐርቻርጀር የሚበልጥበትን ቦታ ካልተናገርኩ ግን ፍርዴ ሚዛን ይስታል። የነዳጅ ፔዳሉን በረገጡበት ቅጽበት ጉልበቱ ይደርሳል፤ ቱርቦ ግን ጭሱ እስኪበረታ ድረስ ጥቂት ያዘገያል። ከእሳት የራቀ ስለሆነም እንደ ቱርቦ በሙቀት አይፈተንም፤ ብዙዎቹ ከሞተሩ ያልተገናኘ የራሳቸው ዘይት አላቸው። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ በአሸዋ ላይ የሚነዱ ሰዎች ወዲያው የሚመጣ ጉልበት ስለሚሹ በትልልቅ የቤንዚን ሞተሮቻቸው ላይ ቢያስገጥሙት አይደንቅም። እዚሁ አዲስ አበባም ሱፐርቻርጀር እንዳላቸው የሚያመለክት ኮምፕሬሰር የሚል ጽሑፍ የለጠፉ ባለ 1.8 ሊትር መርሴዲሶች አሉ፤ ባለቤቶቻቸው በከተማ ውስጥ ስላላቸው ቅልጥፍና ሲያመሰግኗቸው እሰማለሁ፤ እኔም ነድቼ አይቻቸዋለሁ፣ እውነታቸውን ነው። ሆኖም ፋብሪካው ራሱ በ2000ዎቹ መጨረሻ የዚያኑ ሞተር ሱፐርቻርጀር በቱርቦ ተክቶታል። የነዳጅ ቁጠባ ሕግ እየጠበቀ ሲሄድ ከጉልበቱ እየቀነሰ የሚሠራ መሣሪያ ለመደበኛ መኪና አላዋጣም።

አሁን ወደ እርስዎ ሞተር ልመለስ። 1ኤችዜድ ጠንካራ ሞተር ነው፤ ነገር ግን ለቱርቦ ተብሎ አልተሠራም። ናፍጣው በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ባለች ቅድመ ማቃጠያ ክፍል የሚቀጣጠል ሲሆን የመጭመቂያ መጠኑም (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ልክ) ከ22 ለ1 በላይ ነው። ቶዮታ ለቱርቦ ብሎ የሠራው ወንድሙ 1ኤችዲ-ቲ ግን ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ይረጫል፤ መጭመቂያውም 18.6 ለ1 ነው። በ1ኤችዜድ ላይ ግፊት ያበዛና ፓምፑን የከፈተ ሰው ሙቀቱ በዚያች ጠባብ ክፍል ዙሪያ ስለሚከማች ቴስታታው ይሰነጠቅበታል፣ ወይም ፒስተኑ ይቀልጥበታል። ለእድሳት የሚመጡልኝ ቱርቦ የተጨመረባቸው 1ኤችዜዶች ታሪክ በአብዛኛው ይኸው ነው፦ ገጣጣሚው ቱርቦውን በደንብ አስሮ፣ ከዚያ ደንበኛው እንዲደሰት የፓምፑን ቡሎን አዙሮ ናፍጣ ጨምሯል።

ስለዚህ የምመክረው ከፍታው የወሰደብዎትን ለማስመለስ እንዲያስገጥሙ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከውጭው አየር በላይ 0.25 ባር ብቻ ቢጨመር ሞተሩ በባሕር ጠለል የሚያገኘውን ግፊት ያገኛል። አየሩ ሲታፈን ስለሚሞቅ ጥቂት ከፍ አድርገው 0.4 ባር አካባቢ ቢያስሩት ይበቃል፤ ከ0.5 ባር በላይ ግን አይሂዱ። ፓምፑን መጀመሪያ ላይ ጨርሶ አያስነኩ። ከፍታ ማካካሻ በሌለው ፓምፕ ዛሬ እንደ ጥቁር ጭስ የሚባክነው ናፍጣ አየር ሲያገኝ ይቃጠላል፤ ያለ ምንም ተጨማሪ ነዳጅ ዳገቱ ላይ አንድ ማርሽ ያህል ልዩነት ያገኙበታል። ከቱርቦው በፊት ባለው የጭስ መውጫ ላይ የሙቀት መለኪያ ያስገጥሙ። ሙቀቱ ከ650 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሄዶ ከቆየ እግርዎን ከፔዳሉ ያንሡ፤ ከዓባይ ድልድይ ተነሥቶ ደጀን እስኪደረስ ያለው ዳገት ረጅም ነው፣ የሸለቆውም ሙቀት ራዲያተሩን ስለሚፈትን ያ ሞተር ለአፍታ የሚችለውን ለግማሽ ሰዓት አይችለውም።

ቱርቦ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ዘንጉን በጣትዎ ይዘው ይፈትሹት። ወደ ጎን ጥቂት መወዛወዙ ዘይት ሳይኖረው የሚጠበቅ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ግን ይተዉት። የክንፎቹ ጫፍ ከተበላ ወይም ግድግዳውን የነካ ምልክት ካለ ዋጋው ቢረክስም አይግዙት። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100000 ጊዜ በላይ የሚዞር፣ በአብዛኛውም በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ስለሆነ በብየዳና በመዶሻ የታደሰ ቱርቦ አያዛልቅም።

ብዙ ገንዘብ ሲባክን ያየሁት ግን በቱርቦው ጥራት ሳይሆን በዘይት መስመሩ ነው። አንድ የፒክአፕ ባለቤት ቱርቦ ደጋግሞ ከቀየረ በኋላ ወደ እኔ መጣ፤ ሻጩን ሌባ ነው ይል ነበር። ፈትተን ስናይ ዘይት የሚያደርሰው ቀጭን ቧንቧ በተቃጠለ ዘይት ተደፍኗል፤ በመመለሻው በኩል ደግሞ ቀደም ሲል የገጠመው ሰው በጓርኒሲዮን ፈንታ የቀባው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ገብቶ መንገዱን አጥብቦታል። ቱርቦ ሲቀየር የዘይቱ ማድረሻውም መመለሻውም ቧንቧ አዲስ ይሁን፣ ቢያንስ ተፈትቶ ይጠረግ። ዘይቱን ፋብሪካው ከሚለው ቀደም ብለው ይቀይሩ። ከአየር ፊልትሮው እስከ ቱርቦው ያለው ጎማ ቱቦም ስንጥቅ አይኑረው፤ በጥርጊያ መንገዳችን ላይ የሚገባ አቧራ የመጭመቂያውን ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

አነዳድን በተመለከተ ጠዋት ሞተሩን አስነሥተው ወዲያው አይርገጡ፤ ዘይቱ ይድረስ። ረጅም ዳገት ወጥተው ሲቆሙም ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ያሠሩት፤ ወዲያው ካጠፉት በትኩሱ ተርባይን አጠገብ የቆመው ዘይት ተቃጥሎ ቧንቧውን ይደፍናል። ሌላ ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው የቱርቦ ማኅተም በድንገት ሲበላሽ የናፍጣ ሞተር በራሱ ዘይት መቃጠል ጀምሮ ቁልፉን ቢያጠፉትም ሊፈጥን ይችላል። ያን ጊዜ መኪናው ማኑዋል ከሆነ ፍሬኑን አጥብቀው ይዘው በከፍተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ይልቀቁና ያጥፉት፤ ይህ ካልተቻለ የአየር መግቢያውን በጠፍጣፋ ጣውላ ይድፈኑ። በእጅዎ ግን ፈጽሞ አይሞክሩት።

ሁለቱን ባንድ ላይ ማስገጠም ይቻላል ወይ ላሉት፣ ይቻላል፤ ላንቺያ በ1985 በዴልታ ኤስ4 የውድድር መኪናው፣ ፎልክስዋገንም በ2005 በ1.4 ሊትር ሞተሩ ሠርተውታል። ለ1ኤችዜድ ግን ትርጉም የለውም።

ምንም ከመግዛትዎ በፊት የስድስቱንም ሲሊንደር ኮምፕረሽን ያስለኩ፣ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎችም ያስፈትሹ። በሲሊንደሮቹ መካከል ጉልህ ልዩነት ከተገኘ ወይም ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ ለቱርቦ ያሰቡትን ገንዘብ ለእድሳቱ ያውሉት፤ የተዳከመ ሞተር ላይ የሚታሰር ቱርቦ የመጀመሪያውን ዳገት ያሳምርልዎታል፣ ከዚያ በኋላ ቴስታታ ማውረድ ነው። ልኬቱን ካስደረጉ በኋላ ቁጥሮቹንና በፓምፑ ላይ ያለውን የስም ሰሌዳ ፎቶ እዚሁ ቢለጥፉልን ለእርስዎ ሞተር የሚስማማውን የቱርቦ መጠን አብረን እንመርጣለን።