ጥያቄ አለኝ፦ ቴራኸርዝ ኤክስሬይን ይተካል?

ጥያቄ፦ የኤክስሬይ ባለሙያ ነኝ። ቴራኸርዝ የሚባል ጨረር አጫጭር ፐልሶችን (ቅጽበታዊ የጨረር ብልጭታዎችን) እየላከ የዕቃን ውስጥ አጥርቶ እንደሚያሳይ፣ ሰውነትንም እንደ ኤክስሬይ እንደማይጎዳ አነበብኩ። ታዲያ እኛ ለምን እስከ ዛሬ ከጨረር የሚከላከለውን የሊድ ሽርጥ ተሸክመን እንውላለን?

መልስ፦ ሽርጥዎን ገና አይጣሉት። ቴራኸርዝ አጥንት አያሳይዎትም። ቆዳ ውስጥ እንኳ ብዙ አይዘልቅም። ምክንያቱ ውሃ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ስለ ጉዳቱ ያነበቡት ግን ልክ ነው። ሞገዱ በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መሃል ያለ ነው። በ1 ቴራኸርዝ (በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ንዝረት) የአንዱ ፎቶን፣ ማለትም የአንዷ የብርሃን ቅንጣት፣ ጉልበት 0.004 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። የእርስዎ ማሽን የሚያወጣው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ስለዚህ ቴራኸርዝ እንደ ኤክስሬይ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ነቅሎ ሰውነትን የመጉዳት አቅም የለውም።

ወደ ፐልሱ እንምጣ። ኤክስሬይ ጥላ ነው፤ ይህኛው የገደል ማሚቶ ነው። ለእርስዎ ከአልትራሳውንድ ጋር ቢያስተያዩት ይቀላል። ፐልሱ ከአንድ ንብርብር ወደ ሌላው ሲሻገር ጥቂቱ ይመለሳል። የተመለሰበትን ጊዜ ከለካን ድንበሩ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ እናውቃለን።

ችግሩ ጊዜው ነው። ብርሃን 0.3 ሚሊሜትር የሚሄደው በ1 ፒኮሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው። ይህን የትኛው ሰዓት ይለካዋል? መሣሪያውን መጀመሪያ ሳየው የገረመኝም ይሄው ነው። ሰዓት የለውም፤ ያለው የሚንሸራተት መስታወት ነው። ፐልሱ የሚመነጨው በሌዘር ነው፤ የሌዘሩ ብርሃን ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ፐልሱን ያመነጫል፣ ሌላው መቀበያውን ለቅጽበት ይከፍተዋል። መስታወቱን 0.15 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ቢስቡት የዚህኛው ብርሃን መንገድ በደርሶ መልስ 0.3 ይረዝማል። መቀበያውም በ1 ፒኮሰከንድ ዘግይቶ ይከፈታል። እንዲህ ትንሽ ትንሽ እየሳቡ የፐልሱን መልክ ቁራጭ በቁራጭ ይቀዱታል።

እኔ የጀመርኩት በኪኒን ነበር። ሽፋኑ 0.1 ሚሊሜትር ቢሆን ከላዩና ከታቹ የሚመለሱት ማሚቶዎች በ1 ፒኮሰከንድ ገደማ ይለያያሉ። 50 በ50 አድርጌ 2,500 ነጥብ ልቃኝ አልኩ። ለአንዱ ነጥብ አንድ ሰከንድ፣ በድምሩ ከ40 ደቂቃ በላይ። ውጤቱን ሳየው ከሽፋኑ ሥር ሌላ ንብርብር፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ! ጉድ አገኘሁ ብዬ የሥራ ባልደረቦቼን ጠራሁ። ለካ መሣሪያው ያለበትን ሣጥን ክዳን ከፍቼ ረስቼዋለሁ። ውስጡ በደረቅ ናይትሮጅን መሞላት ነበረበት። የአየሩ እርጥበት ከፐልሱ ኋላ ጭራ እያበጀ ነው የሸወደኝ። እስከ ዛሬ ይሳቅብኛል።

በአየር ላይ ያለ እርጥበት ይህን ካደረገ፣ ፈሳሹን አስቡት። በ1 ቴራኸርዝ ጨረሩ 0.1 ሚሊሜትር ውሃ ሲያልፍ የሚተርፈው ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ነው። ሰውነት ደግሞ በአብዛኛው ውሃ ነው። ብረትም ፈጽሞ አያሳልፈውም።

ደረቅ ነገር ላይ ግን ጎበዝ ነው። የኮሎምቢያ መንኮራኩር በ2003 እ.ኤ.አ. ከወደመች በኋላ ናሳ የነዳጅ ታንኩን የሸፈነውን ፎም ውስጡን ለመፈተሽ ተጠቅሞበታል። በ2016 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲና ጆርጂያ ቴክ የተባሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ተደርበው ከተቀመጡ ወረቀቶች፣ ሳይገልጡ፣ የላይኞቹን 9 ገጾች ፊደል ለይተዋል። በገጾቹ መሃል ያለችው ስስ አየር ማሚቶ ሰጥታቸው ነው።

«አጥርቶ ያሳያል» የሚለውን ግን በጥርጣሬ ያንብቡት። ጥራቱ ወደ ጥልቀት ነው። ወደ ጎን ሲሆን፣ የ1 ቴራኸርዝ የሞገድ ርዝመት 0.3 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በተራ ሌንስ ከዚያ ብዙ ያነሰ ነገር ይደበዝዛል። በቀጭን መርፌ ጫፍ እየታገዙ እስከ ናኖሜትር የወረዱ አሉ። እሱ ግን ገጽ ላይ ያለውን ለማየት ነው እንጂ ውስጥ ላለው አይሆንም።

ውሃው ራሱ የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የቤል ላብስ የምርምር ተቋም ሁ (Hu) እና ኑስ (Nuss) የተባሉ ተመራማሪዎች በቴራኸርዝ ፐልስ ምስል ሲያነሱ አንዱ ናሙናቸው ቅጠል ነበር። እርጥብ እያለ አነሱት፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ደገሙት፤ ውሃው የለቀቀው ቦታ ለይቶ ታየ። በቆዳ ካንሰር ላይ የሚደረገው ጥናትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የታመመው ቦታ የውሃ መጠኑ ከጤነኛው ስለሚለይ ድንበሩን ለማግኘት ይሞክራሉ። ወደ እርስዎ ክፍል የሚገባ ከሆነ በዚህ በኩል ይመስለኛል፤ አጥንቱን ለእርስዎ ይተውልዎታል።