ልዩ ትምህርት ቤት ይሻለው ይሆን?

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጄ ሲያስረዱት ፈጥኖ ይገባዋል፤ በንባብ ግን ከእኩዮቹ እጅግ ወደ ኋላ ቀርቷል። ባለሙያዎች የንባብ እክል እንዳለበት ገልጸው ወደ ልዩ ትምህርት ቤት እንዲዛወር መክረውናል። በእርግጥ ይጠቅመዋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የንባብ እክል ከስንፍናም ሆነ ከአእምሮ ድክመት ጋር አይገናኝም። እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1896 ስለ እርሱ የጻፉለት የ14 ዓመት ልጅ ሒሳብ ሳይቸግረው ቀላል ቃላትን ማንበብ ይሳነው ነበር፤ መምህሩም ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ ጎበዙ እርሱ ይሆን እንደነበር መስክረዋል።

በጥሩ ልዩ ትምህርት ቤት ለውጡን የሚያመጣው በዋናነት የማስተማሪያ ዘዴው ነው፤ ጥቂት ልጆች ባሉበት ክፍል ልጁ የፊደሉን ድምፅ እየሰማ፣ እየደገመና ፊደሉን በጣቱ እየጻፈ ይማራል፣ አንዱን በሚገባ ሳይዝም ወደ ሌላው አይሻገርም። ሳይንስና ታሪክ ደግሞ ንባቡ እስኪደርስ ሳይጠበቅ በመስማት ይቀጥላሉ (ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንኑ ነው)። ጮክ ብሎ እንዲያነብ ሲታዘዝ የሚይዘው ፍርሃትም፣ ሁሉም እንደ እርሱ በሚቸገሩበት ክፍል ይቀልለታል።

ይሁን እንጂ «ልዩ» መባሉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከመወሰንዎ በፊት ክፍል ገብተው ይመልከቱ፤ መምህራኑ በምን ዘዴ እንደሠለጠኑ፣ የልጁ ለውጥ በየስንት ጊዜው እንደሚለካና ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት የሚመለስበት መንገድ መኖሩን ይጠይቁ።