ጥያቄና መልስ፦ ሎዱ ተቀይሯል፣ ስሌቱስ ሰምቷል?

ጠያቂዎቹ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬና ከገላን የተሰባሰቡ የስትራክቸር ልጆች ናቸው። መላሹ በአካባቢው ብዙ ዲዛይን ያለፈበት ነባር መሐንዲስ ነው።

መላሽ፦ እሺ፣ ጀምሩ። ጉዳያችን የተያያዙ የሎድ፣ ማለትም ሕንፃው የሚሸከመው ክብደት፣ ስሌቶች ናቸው። የግድግዳው ክብደት በኤክሴል ይሰላል። ሕንፃውን ወደሚያሰላው ሶፍትዌር፣ ወደ ኢታብስ ይገባል። ከኢታብስ ወደ መሠረት ማስያው ሶፍትዌር፣ ወደ ሴፍ ይወርድና ፉቲንጉ (የኮለኑ መሠረት) ይሠራል። መሐል ላይ ባለቤቱ ሐሳቡን ይቀይራል። ያኔ የትኛው ቁጥር አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ማን ይነግራችኋል? ማንም። ያረጀ ቁጥር ሲታይ ከአዲሱ አይለይም። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ክራክ ሶፍትዌርና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አልመልስም።

አዲስ ምሩቅ፦ ኢንጂነር ሰላም ነዎት? ኢታብስ የተሳሳተ ውጤት እየሰጠኝ ነው። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የቱ ውጤት? ከምን ጋር አስተያይተኸው ነው የተሳሳተው? ይዘኸው ና።

የገላኑ፦ የግድግዳ ሎድ የማሰላበት አንድ የኤክሴል ፋይል አለኝ። የቢም ፋይሌ በሊንክ ከዚያ ይወስዳል። የፎቁን ከፍታ ቀየርኩ፤ ቢሙ ላይ ግን ንቅንቅ የለም።

መላሽ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የጉዳቱን መጠን እንየው። ባለ 20 ሴንቲ ብሎኬት፣ 14 ኪሎ ኒውተን በሜትር ኩብ እንበል። ፕላስተሩ በሁለቱም በኩል 2 ሴንቲ፣ በ23። የግድግዳው ቁመት 2.5 ሜትር ሲሆን 9.3 ኪሎ ኒውተን በሜትር ይወጣል። ቁመቱ 2.9 ሲሆን 10.8 ገደማ። በሜትር 1.5 ብቻ ነው የጨመረው፤ ትንሽ ይመስላል። በአንድ ፎቅ 120 ሜትር ግድግዳ ካለህ ግን ወደ 180 ኪሎ ኒውተን ነው። በሦስት ፎቅ 540። ይህ ሁሉ መሠረቱ ላይ ነው የሚያርፈው።

አሁን ወደ ኤክሴል። አንደኛ፣ ፋይሉ ሲከፈት ሊንኩን አፕዴት ላድርግ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ቸኩሎ አይሆንም ይለዋል። ኤክሴል ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የያዘውን ቁጥር አስቀምጦ ዝም ነው። ሁለተኛ፣ ስሌቱ ማኑዋል ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ብዙዎቻችሁ አታውቁም፦ ኤክሴል ይህን ምርጫ የሚወስደው መጀመሪያ ከከፈትከው ፋይል ነው። ጓደኛህ የላከልህ ፋይል ማኑዋል ከሆነና እሱን ቀድመህ ከከፈትክ፣ የአንተም ፋይል ማኑዋል ይሆናል። ኤፍ9 ካልተጫንክ አያሰላም። ሦስተኛውና ክፉው ቴሌግራም ነው። የተስተካከለው ፋይል ሲመጣ ኮምፒውተሩ መጨረሻው ላይ ቅንፍና 2 ጨምሮ ያስቀምጠዋል። ሊንክህ የሚያየው ግን የድሮውን ስም ነው። አዲሱ ፋይል ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ተኝቶ፣ አንተ ከአሮጌው ጋር ትሠራለህ። ስለዚህ ሊንክ ያለበትን ፋይል ለብቻው በቴሌግራም አትላኩ። ሙሉ ፎልደሩን ላኩ።

ኮዬ ነዋሪ፦ የእኔም ኤክሴል ሊንኩ አፕዴት አይልም፣ ምን ይሆን?

መላሽ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ሳሮን ዲዛይን፦ ኢንጂነር፣ ባለቤቱ አንደኛ ፎቅን ከመኖሪያ ወደ ሱቅ ቀየረው። ላይቩ፣ የሰውና የዕቃው ሎድ፣ ከ2 ወደ 4 ኪሎ ኒውተን በሜትር ካሬ ይሄዳል። ስላቦቹን አንድ በአንድ እየመረጥኩ ልቀይር?

መላሽ፦ አይደለም እህቴ። ኢታብስ ውስጥ ዲፋይን ስር ሼል ዩኒፎርም ሎድ ሴትስ የሚባል አለ። «ሱቅ»፣ «መኝታ»፣ «ሰገነት» እያልሽ ሎዶቹን እዚያ ትገልጫለሽ፤ ስላቡ ላይ የምትለጥፊው ስሙን ነው። ሐሳባቸው ሲቀየር አንድ ቦታ ትነኪያለሽ፣ ሁሉም ይከተላል። በቀጥታ ቁጥር ከጻፍሽ ግን አንዱን ክፍል መርሳትሽ አይቀርም። ደግሞ አዲስ ሎድ ስትሰጪ ሪፕሌስ ይሁን አድ አይተሽ ነው። አድ ላይ ከሆነ 4 ያልሽው 6 ሆኖ ይቀመጣል። ላይቩ ከተቀየረ የማስ ሶርሱንም፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚቆጠረውን ክብደት፣ እዪ፤ ከላይቩ የሚቆጠረው ድርሻ፣ ሳይ ሁለት፣ ለመኖሪያ 0.3 ነው፣ ለሱቅ 0.6።

የድሮ ሰው፦ እኔ በድሮው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ፣ በኢቢሲኤስ ነው ሎዱን የማባዛው። ለዴድ (ለሕንፃው ቋሚ ክብደት) 1.3፣ ለላይቭ 1.6። ላይቭ ላይ የተሻለ ጥንቃቄ አለው።

የገላኑ፦ አዲሱ እኮ በፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ ወጥቷል። 1.35 እና 1.5 ነው። የእኛ ቤት ዴዱ ይበዛል፤ ስለዚህ አዲሱ ነው የሚከብደው።

የድሮ ሰው፦ በስንት ይከብዳል? ዴድ 7፣ ላይቭ 2 በል። የድሮው 12.3፣ አዲሱ 12.45። ለዚች ነው?

ሳሮን ዲዛይን፦ ለግንባታ ፈቃድ ስታስገባ በየትኛው ኮድ ነው የምትለው ታዲያ?

መላሽ፦ ክርክሩን አቁሙ። በአዲሱ ሥሩ፣ አለቀ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ብዙ የቆየ የኤክሴል ቴምፕሌት ሎዱን አባዝቶ ነው የሚያወጣው። ያንን ወደ ኢታብስ ካስገባችሁ ሎዶቹን አባዝቶ የሚደምረው ኮምቢኔሽን እንደገና ያባዛዋል። 10 የነበረው 13.5 ይሆንና ቀጥሎ 18.2 ይሆናል። ከኤክሴል ወደ ኢታብስ የሚሄደው ያልተባዛ ሎድ ነው።

መረሬ ላይ፦ አፈሩ መረሬ ነው። ቤሪንጉን፣ የአፈሩን የመሸከም አቅም፣ ስንት ልያዝ?

መላሽ፦ የአፈር ምርመራው ያለውን።

የድሮ ሰው፦ ቆርጠህ አውጣና በገረጋንቲ ሙላው።

ኮዬ ነዋሪ፦ ገረጋንቲውስ በደንብ ካልተጠቀጠቀ? የጎረቤታችን አጥር ሙሉ በሙሉ ተሰነጣጥቋል።

መላሽ፦ ይሄ የሌላ ቀን ነው። ቀጣይ።

ባለ ሮቶው፦ ኮዬ ያለ ጂ ፕላስ 3 ነው። ባለቤቱ ደረጃው ጣሪያ ላይ የ10,000 ሊትር ሮቶ ይቀመጥ አለ። ሎዱን ኢታብስ ላይ አስገባሁ። መሠረቱ ድረስ መውረዱን በምን አውቃለሁ?

መላሽ፦ ሞልቶ ወደ 100 ኪሎ ኒውተን ነው። ከመቀየርህ በፊት የነበረውን ቤዝ ሪአክሽን (መሠረቱ ላይ የሚደርሰውን ጠቅላላ ኃይል) ጻፈው። ከቀየርክ በኋላ እንደገና እይ። ቀጥ ያለው ኃይል፣ ሎዱን ባስገባህበት ፓተርን (የሎድ ምድብ)፣ በ100 መጨመር አለበት። 200 ከጨመረ ሁለት ጊዜ አስገብተሃል። ካልጨመረ ሎዱ የትም አልደረሰም። ይህን በእያንዳንዱ ለውጥ አድርጉት።

ቀጥሎ ሴፍ። ኢታብስ ወደ ሴፍ የሚልከው ፋይል በተላከበት ሰዓት የነበረውን ነው የያዘው። ከዚያ በኋላ ኢታብስ ውስጥ የምትሠራውን ሴፍ አያውቅም። እንደገና መላክ አለብህ።

ባለ ሮቶው፦ እንደገና ስልከው የሣልኳቸው ፉቲንጎች ይጠፉብኛል።

መላሽ፦ ለዚህ ነው ሰው እንደገና የማይልከው! ፉቲንጎቹን አትንካ። አዲሱን ሪአክሽን በቴብል አውጣና ሴፍ ውስጥ በኢንተራክቲቭ ዳታቤዝ የፖይንት ሎዶቹን ብቻ ተካ። ሲጨርስ የሴፍ ጠቅላላ ሎድ ከኢታብሱ ጋር ይግጠም። ደግሞ እደግመዋለሁ፣ ሎዱ ያልተባዛ ይሁን።

ባለ ሮቶው፦ የመሬት መንቀጥቀጡን ኃይል ግን በኤክሴል አስልቼ ለየፎቁ በእጄ ነው የማስገባው።

መላሽ፦ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። በእጅ የገባ ኃይል እንደተጻፈ ይቀራል። ግድግዳው ይከብዳል፣ ሮቶ ይጨመራል፣ ሱቅ ይሆናል፤ እሱ ግን ባለበት ነው። የመንቀጥቀጡ ኃይል ከክብደቱ ጋር ነው የሚያድገው። ሮቶው ደግሞ ከላይ ነው፤ ትንሽ ክብደት ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ብዙ ይጎትታል። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ሲነቃነቅ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ላይ ተሰምቶናል። ስለዚህ ኢታብስ ከማስ ሶርሱ ራሱ ያውጣው። ማስ ሶርሱ ውስጥ የግድግዳውና የፊኒሺንጉ ፓተርን መግባቱን አረጋግጥ። ብዙ ጊዜ ዴድ ብቻ ገብቶ የግድግዳው ይረሳል። የኤክሴሉን ስሌት አትጣለው፤ ማነጻጸሪያ ይሁንልህ።

አዲስ ምሩቅ፦ ይዤ መጣሁ ኢንጂነር። ሪአክሽኑ በእጅ ካሰላሁት በእጥፍ ይበልጣል።

መላሽ፦ የፊኒሺንጉን ፓተርን እይ። ሰልፍ ዌይት መልቲፕላየሩ 1 ላይ ነው አይደል? 0 አድርገው። የራስ ክብደት ዴድ ውስጥ አንዴ ይበቃል።

አዲስ ምሩቅ፦ ነበር። አሁን ተጠጋ። አመሰግናለሁ።

ባለ ሮቶው፦ ኢንጂነር፣ አልነገርኩዎትም እንጂ ፉቲንጉና የታች ኮለኖቹ ኮንክሪት ተሞልተዋል።

መላሽ፦ ይህን መጀመሪያ ማለት ነበረብህ! ታዲያ ዲዛይን አትበለው። ዲዛይን ካልከው ሳይት ላይ የሌለ ብረት ጽፎ ይሰጥህና ደህና ነው ብለህ ትተኛለህ። የኮለኑን ሴክሽን ክፈትና ብረቱ የሚፈተሽ ይሁን በለው። የተሞላውን ብረት በዲያሜትርና በቁጥር አስገባ፣ ከዚያ ሬሾውን፣ ሎዱ ለአቅሙ ሲካፈል የሚወጣውን፣ እይ። ፉቲንጉንም እንደዚሁ፣ በተሞላው ስፋትና ውፍረት። ከ1 ካለፈ ሮቶው መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ባለቤቱ ፓምፕ ይግዛ።