«እኔ ነኝ ያመጣሁህ»

የአንባቢያን ጥያቄና የእትዬ መልስ

ጥያቄ

ሰላም እትዬ፣ እንዴት ከርመዋል። አምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። 12ኛ እንደጨረስኩ ዮርዳኖስ ሄጄ አማን ውስጥ 4 ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ። እዚያው እያለሁ ዲቪ ደረሰኝና አሜሪካ ገባሁ። አሁን ዜጋ ነኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ባሌ የዮርዳኖሷ ከተማ የኢርቢድ ልጅ ነው። ያኔ ማዳም ትልከኝ የነበረበት ሱፐርማርኬት ሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ አክብሮ ያናገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ለዓመታት በስልክ ተገናኘን። ኒካህ ካሰርን 2 ዓመት ከ4 ወር ሆነን፤ እዚህ ከገባ ግን ገና 9 ወሩ ነው።

እትዬ፣ በስልክ የማውቀው ሰውና አሁን ሳሎኔ ውስጥ የተቀመጠው ሰው አንድ አልሆኑልኝም። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ደክሞኝ ስገባ እሱ ስልኩን ድምፁ እንዲወጣ አድርጎ ከእናቱ ጋር ያወራል። በኢድ ዕለት የአክስቴ ልጅ ሲያጎርሰኝ ተነስቶ ወጣና መኪና ውስጥ ቁጭ አለ። ስጠይቀው «አይብ! አይብ!» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ሲለኝ ጎመን በአይብ ያማረው መስሎኝ ነበር፤ ለካ በነሱ ነውር ማለት ነው። ፎልስ ቸርች የሚኖር ያገሩ ሰው ሊጠይቀን ሲመጣ ደግሞ በወጉ ቡና አፍልቼ ስኒውን ሞልቼ ብሰጠው ባሌ አፈረ። በወር 500 ዶላር ዕቁብ መጣሌንም «ለማታውቂያቸው ሰዎች ገንዘብ ትበትኛለሽ» ይላል። ሳህን አያጥብም። በዓረብኛ ነው የምንግባባው። የእኔ ያው የሰው ቤት ዓረብኛ ነው፤ «ጂቢ፣ ሩሂ፣ ያላ» ስለው ድሮ ይስቅ ነበር፤ አሁን ፊቱ ይጠቁራል።

እናቱ ስሜን ጠርታው አታውቅም። «አል-ሐበሺያ» ነኝ ለሷ። አንድ ቀን «ኸዳማ»፣ የቤት ሠራተኛ፣ ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እሱም ሰምቷል። ዝም አለ።

በቀደም ተናድጄ «እኔ ነኝ ያመጣሁህ፤ እኔው እመልስሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሳሎን ነው የሚተኛው፤ 2 ሳምንት ሆነው። ጓደኞቼ «ዓረብ ያው ዓረብ ነው፤ ምን ጠበቅሽ» ይሉኛል። እውነት ጥፋቴ ዓረብ ማግባቴ ነው?

ግራ የገባኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ቡናው፣ ጉርሻው፣ ዕቁቡ ቀላል ነው፤ እመለስበታለሁ። እኔን የከበደኝ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሻት ነገር ናት። እመልስሃለሁ ያልሽው።

አማን ሳለሽ ካፊል፣ በስሙ ያስመጣሽ አሠሪ፣ ነበረሽ። ያለ እሱ ፈቃድ ከቤት ወደ ቤት መቀየር አይቻልም። ፓስፖርትሽ የማን መሳቢያ ውስጥ እንደነበር አልጻፍሽም፤ ዓረብ አገር የሠራች አንባቢ ግን ሳትነግሪያትም ታውቀዋለች። አሁን ነገሩን ገልብጪና እይው። ቨርጂኒያ ውስጥ እንግሊዝኛው የማይሞላለት፣ ቤቱም መኪናውም በሌላ ሰው ስም የሆነ፣ ወረቀቱ ላይ ስፖንሰር የሚለው ቦታ የሚስቱ ስም የተጻፈበት አንድ ሰው አለ። ሚስቱ ስትናደድ እመልስሃለሁ ትለዋለች። ይህን ንግግር መጀመሪያ ከማን አፍ ነው የሰማሽው?

ልወቅስሽ አይደለም፤ እኔም ቤት ደርሷል። እኔን ወደዚህ አገር ያመጣኝ ባሌ ነው። የመጀመሪያው ብርድ ላይ የአውቶቡሱን መስመር ሳላውቅ፣ ለካልሲ መግዣ እጁን እያየሁ ነው የከረምኩት። አንድ ቀን በቀልድ «ባላመጣሽ ኖሮ» አለኝ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ እሱ ረስቶታል፤ እኔ አልረሳሁትም።

ደግሞም እሱን መመለስ አትችይም! ይህን በደንብ ያዢው፤ ሰፈር ውስጥ በዚህ ጉዳይ ብዙ የተሳሳተ ወሬ ስላለ። ባልሽ በገባበት ቀን ትዳራችሁ 2 ዓመት ስላልሞላው የተሰጠው ግሪን ካርድ የ2 ዓመት ነው። ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ-751 የሚባለውን ፎርም ሁለታችሁ ፈርማችሁ ታስገባላችሁ። ለናንተ ጊዜው ከዛሬ ዓመት ገደማ ይከፈታል። እግዜር አይበለውና ብትፋቱ እንኳ ትዳሩ የእውነት እንደነበር ካሳየ ብቻውን ማስገባት ይችላል። ግሪን ካርዱን የሚነጥቀው ያንቺ ንዴት አይደለም።

ሌላም አለ። አይ-864 የሚባለው የስፖንሰርነት ፎርም ላይ ስትፈርሚ ባልሽን መንግሥት ካወጣው የድህነት ወለል 125 በመቶ በታች እንዳይወድቅ እደግፋለሁ ብለሽ ነው። ይህ ውል በፍቺ አይቀደድም። ዜጋ እስኪሆን ወይም 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም 10 ዓመት ያህል ሥራ እስኪቆጠርለት ድረስ ይከተልሻል (አሜሪካን ጥሎ ጨርሶ ከወጣ ወይም ሞት ከመጣ ሌላ ነው)። ዝርዝሩን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቂ፤ ዕቁብ ላይ የሚያወራውን ሰው አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ያ ፎርም ሲገባ አብራችሁ ስለመኖራችሁ ማስረጃ ይጠየቃል። የቤት ኪራይ ውሉ ላይ የሁለታችሁ ስም፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ አብራችሁ ያሳወቃችሁት ታክስ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ዛሬ ቤቱ ባንቺ ስም ብቻ ነው ብዬ እገምታለሁ። ውሉ ላይ አስገቢው። ለመንግሥት ብለሽ የምታደርጊው ይህ ነገር ለባልሽም መድኃኒት ነው፤ በስሙ አንድ ቁልፍ የሌለው ወንድ ሳሎን ቢተኛ ምን ይገርማል።

ወደ ዓረብኛሽ ልምጣ። «ጂቢ» ለሴት ነው የሚባለው፤ ለወንድ «ጂብ» ነው። «ሩሂ»ም እንደዚያው፣ ለወንድ «ሩህ»። ሰዋስው ለማረም አይደለም የማነሳው። እነዚህን ቃላት ማን አስተማረሽ? ማዳም ናት። አምጪ፣ ሂጂ፣ ቶሎ በይ። 4 ዓመት ሙሉ የሰማሽው ትእዛዝ ነው፤ እንዴት ዋልሽ፣ ደከመሽ ወይ የሚል ዓረብኛ ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረሽም። ስለዚህ ባልሽን በሱ ቋንቋ ባናገርሽው ቁጥር፣ ሳታውቂው፣ ኢርቢድ ያደገውን የሒሳብ ባለሙያ ማዳም አንቺን ታናግርሽ በነበረው አፍ ነው የምታናግሪው። መጀመሪያ የሳቀው የስልክ ፍቅረኛ ስለነበረ ነው። አሁን ምን እንደሚሠራ አልነገርሽኝም፤ ከሒሳብ መዝገብ ግን የወረደ ሥራ ይመስለኛል፤ አብዛኛው አዲስ ገቢ እንደዚያ ነው የሚጀምረው። ያን ጊዜ ትእዛዝ ይመራል።

እንዲያስተምርሽ ጠይቂው። እባክህ ለማለት «ለው ሰመሕት» ይላሉ። ከሥራ የመጣን ሰው ደግሞ «ያዕጢክ አል-ዓፊያ» ይሉታል፤ ጤናውን ጉልበቱን ይስጥህ እንደማለት። አንቺ የወሎ ልጅ ሆነሽ አፊያን አታጪውም። በሩን ሲከፍት ይህን አንድ ቃል በይው፤ የቀረውን ሌላ ቀን። እሱም አማርኛ ይልመድ፤ ቤት ባይት ነው፣ ስም ኢስም ነው፣ ዓይንና ነፍስ ያው ናቸው፤ የሚያስፈራ አይደለም። እንግሊዝኛውንም በናንተ አካባቢ ባሉ የአዋቂዎች ትምህርት ቤቶች ወይም በኮሌጁ ይጀምር። ያለ ቋንቋ የተቀመጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ለእናቱ ቢደውል አትፍረጂበት።

ስለ ስልኩ ካነሳን፣ ዮርዳኖስ ከ2022 ወዲህ ሰዓት ማዞር ስለተወች ዓመቱን ሙሉ ከኛ አገር ጋር እኩል ናት። አማንና ኮምቦልቻ አብረው ነው የሚነቁት። አንቺ ጠዋት ስትገቢ እዚያ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው፤ እናትየው ምሳ አብልታ የተቀመጠችበት። ወይ ጆሮው ላይ የሚሰካ ይግዛ፣ ወይ መኪና ውስጥ ሄዶ ያውራ። አለቀ።

ቡናው ግን ደስ ብሎኛል፤ ይቅርታ አድርጊልኝና ስቄያለሁ። በኛ ስኒ ሞልቶ መስጠት ማክበር ነው። በነሱ ባላገር ወግ ደግሞ ሄል ያለበትን ቡና ጠብ አድርገው ነው የሚቀዱት፤ ስኒው ከሞላ «ጠጣና ሂድ» ማለት ሊሆን ይችላል። ያ እንግዳ ባንቺ ቤት አቦሉን ሲቀምስ ተባረርኩ ብሎ አስቦ ይሆናል። እነሱም እንደኛ ሦስት ስኒ አላቸው፤ ለእንግድነት፣ ለደስታና ለሰይፍ ይላሉ። ሦስተኛው አብሮ ለመዋጋት ቃል መግባት ነበር አሉ፤ እኛ በረካ የምንለው ላይ እነሱ ሰይፍ አስቀመጡ። የበቃው ሰው ስኒውን ወዘወዝ ያደርጋል። ያንን ሲያደርግ ካየሽ ንቆሽ አይደለም። እንግዳውን መልሰሽ ጥሪው፤ ባልሽ ራሱ ይቅዳ።

ዕቁቡን «ጀምዒያ» ብለሽ አስረጂው፤ ወዲያው ይገባዋል። እዚያም ሴቶች በየወሩ እያዋጡ በየተራ ይወስዳሉ። «ዕቁብ» የሚለው ስም ነው ያስፈራው እንጂ እናቱ ሳትጥል ቀርታ ነው ብለሽ ነው?

ጉርሻው ላይ ግን አንቺም ትንሽ ቀረብ በይ። ከትሪ ላይ በቀኝ እጅ አብሮ መብላት ለሱ አዲስ አይደለም፤ መንሰፍም እንደዚያ ነው የሚበላው። አዲስ የሆነበት የሌላ ወንድ እጅ ሚስቱ አፍ ውስጥ መግባቱ ነው። ለኛ የአክስት ልጅ ወንድም ነው፤ በነሱ የአክስት ልጅ የሚያገባሽ ሰው ሊሆን ይችላል! ይህን አስቢና ከዚያ ፍረጂ። ልማድሽን ተዪ አላልኩም። ከግብዣው በፊት ንገሪው፣ ዘመዶችሽን በስም አስተዋውቂው፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሱ ስጪ፤ ያንን የአክስትሽን ልጅም ባልሽን እንዲያጎርሰው አድርጊ፣ ያውም ትልቅ አድርጎ። ሳህኑን ግን ይጠብ። አንቺ ሌሊት ሙሉ ቆመሽ እያደርሽ የምን ባህል ነው።

አሁን እናቱ። እዚህ ላይ የመላመድ ወሬ የለኝም። «ኸዳማ» ስትል ባልሽ ዝም ማለቱ ጥፋት ነው፤ ከጉርሻው ጋር አይቻቻልም። ሰው ቤት መሥራትሽ አያሳፍርሽም፤ ያ ገንዘብ ኮምቦልቻ ያሉትን አብልቷል ብዬ እገምታለሁ። ሴትየዋ የምትለው ግን ሥራሽን ሳይሆን ልክሽን ለመንገር ነው። ከሷ ጋር አንቺ አትከራከሪ፤ በቪዲዮም አትጣዪ። ያ የልጇ ሥራ ነው። ቁጭ አድርጊውና «ሰምተሃል፤ ዝም ብለሃል፤ ያ ዝምታ ከቃሉ በላይ ጎድቶኛል» በይው። ከዛሬ ጀምሮ እናቱ በስምሽ ትጥራሽ። ካልጠራችሽ ስልኩ ላይ አትቅረቢ። አንቺም ያኔውኑ፣ በዚያው ወንበር ላይ፣ ስለ «እመልስሃለሁ» ይቅርታ ጠይቂው። ማን ይቅደም እንዳትይኝ። ሳሎን የተኛው እሱ ስለሆነ አንቺ ቅደሚ።

ጓደኞችሽ «ዓረብ ያው ዓረብ ነው» ሲሉሽ፣ አማትሽ «ሐበሺያ ያው ሐበሺያ ናት» ከምትለው በምን ይለያል? ከሁለቱም ራቂ። ስልክሽን የሚበረብር፣ ሥራ የሚከለክል፣ እጁን የሚያነሳ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ግን ያንን አላየሁም። ኩርፊያ ነው ያየሁት።

ሁለተኛ ጥያቄ

እትዬ፣ እኔ ለንደን ነኝ፤ ኦርቶዶክስ ነኝ። ባለቤቴ ከግብፅ በቅርቡ መጣ፤ ኮፕት፣ የግብፅ ኦርቶዶክስ ነው። ጓደኞቼ «የዓረቡ ሚስት» ሲሉኝ እሱ ይቆጣል። እኔን ያስቆጣኝ ደግሞ በነቢያት ጾም ዓሣ ጠብሶ መብላቱ ነው! እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች?

መልስ

በመጀመሪያ ዓረብ አትበሉት። ብዙ ኮፕቶች ዓረብኛ ቢናገሩም ራሳቸውን ዓረብ አይሉም፤ ለጓደኞችሽ አንዴ ንገሪያቸው። ሁለተኛ፣ እንዳንቺ ለመላመድ የቀለለው የለም። ገናችሁ አንድ ቀን ነው፣ ፋሲካችሁ አንድ ቀን ነው፣ መስከረም 1 ለነሱም አዲስ ዓመት ነው፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጳጳስ የሚመጣልን ከነሱ ዘንድ እንደነበር ለእናትሽ አስታውሻት። ዓሣውን ደግሞ በነቢያት ጾም የሱ ቤተ ክርስቲያን ፈቅዳለታለች፤ አጭበርብሮሽ አይደለም። አንቺ ሽሮሽን ብዪ፣ እሱ መስኮት ከፍቶ ይጥበስ። ረቡዕና ዓርብ ግን ለነሱም ዓሣ የለም። በነዚያ ቀናት ከያዝሽው ያን ጊዜ መልሰሽ ጻፊልኝ።